የራዊያ መሐላ

ሦስተኛዋ ሴት ከሮቢት በታች ማሽላ ውስጥ ታንቃ ስትገኝ ሳጅን ሰላሁዲን ምንም አልተሰማውም። ለመጀመሪያዋ እንቅልፍ አጥቶላት ነበር፤ ለሁለተኛዋ ምግብ አስጠልቶታል። አሁን ግን ሬሳው አጠገብ ቆሞ ምሳ ሰዓት መድረሱን አሰበ። ሰው ለካ ክፋትንም ይለምዳል። ሦስቱም ከጎብዬ ገበያ ሲመለሱ በገዛ ሻሻቸው ታንቀዋል፤ ሦስቱም ከማሉዲን የሚባል ባለጋሪ ጋሪ ላይ ሲሳፈሩ ታይተዋል።

ለምርመራው ከደሴ የተላከው ኢንስፔክተር ብርሃነ ጫማውን በማሽላ ቅጠል ይጠርጋል። አባቱ ከማይጨው መጥቶ ቆቦ ላይ የነገደ ሰው ቢሆንም፣ ልጁ የራያን ሰው የሚያውቀው ከክስ መዝገብ ነው። ሰላሁዲን አፉ ተረት አያጣም፤ ብርሃነ «እሺ» ለማለት እንኳ ይሰስታል። ሁለቱን አንድ ሞተር ሳይክል ላይ ያፈናጠጠ አለቃ ቀልድ ወዳድ መሆን አለበት።

ከማሉዲንን አሰሩት። ሲገድል ያየ አልተገኘም። ሽማግሌዎች ጣቢያው በር ላይ ተሰብስበው «ይማልልን» አሉ። እንደ አገሩ ወግ የተጠረጠረ ሰው ብቻውን አይምልም፤ የቅርብ ሰው አብሮት ይምላል። በሐሰት የማለ እንደሆነ ደግሞ መዓቱ የሚወርደው በልጁ ላይ ነው። እናት እንኳ ለወንጀለኛ ልጇ እንደማትምል ሰላሁዲን ያውቃል። የከማሉዲን ሚስት ራዊያ ግን ቁርኣን ላይ እጇን ጫነች።

«ሴቶቹ የሞቱ ለት ሁሉ እቤቱ ነበር። ብዋሽ አላህ ልጄን ይንሳኝ» አለች።

«መሐላ የጣት አሻራ አይደለም» አለ ብርሃነ።

«አንተ ይሄን አገር አታውቀውም፣ ወንድሜ። እዚህ ከእስር ይልቅ መሐላ ይፈራል።»

«ሌላ ሴት ብትሞትስ?»

«በኔ ይሁን» አለ ሰላሁዲን። ዋስ ሆኖም ከማሉዲንን አስፈታው።

ብርሃነ ሰው ለመጠየቅ ዋጃ በሄደበት ረቡዕ ራዊያ ጣቢያ መጣች። ፊቷ ከስሏል።

«ጋሼ፣ ልጄን አተኩሷታል። መሐላውን አንሱልኝ» አለችው።

ሰላሁዲን ነገሩ ወዲያው ገባው። ቃሏን መቀበል ይችል ነበር፤ እሷንና ልጇን ዘመድ ቤት ማስቀመጥ፣ ለብርሃነ መደወልም ይችል ነበር። ግን መሐላ ፖሊስ ፊት አይፈታም፤ የሚፈታው በሰሙት ሽማግሌዎች ፊት ነው፤ እነሱ ደግሞ የሚቀመጡት ጁምዓ ከሶላት በኋላ ነው። ሳይፈታ ብትናገር ልጅቷ ትቀሰፋለች ብሎ ፈራ። እውነቱን ለመናገር ለስሙም ፈርቷል።

«አብሽሪ። እስከ ጁምዓ ዝም በይ፤ ያኔ እኔው አጠገብሽ እቆማለሁ» ብሎ ሸኛት።

በማግስቱ ራዊያ ከቤቷ ጀርባ ማሽላ ውስጥ ተገኘች። ሻሿ አንገቷ ላይ ተጠምጥሟል።

ከማሉዲን አልሸሸም። ግቢው ውስጥ ለፈረሱ አገዳ እየቆረጠ አገኙት። ጎረቤቲቱ ሀሊሜ ልጅቷን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማለች። ብርሃነ ካቴናውን አውጥቶ ሲያስርበት ሰውዬው አልታገለም።

«ልማል» አለ።

«ከማን ጋር? የማለችልህ ሞታለች» አለው ብርሃነ።

«ሳጅን አለልኝ አይደል። ትናንት የት ዋልሽ ብላት እሱ ዘንድ ነበርኩ አለችኝ። ጁምዓ እውነቱን ልታወጣ ነበር። እስከዚያ ዝም በይ ያላትም እሱ ነው።»

ብርሃነ ቀስ ብሎ ወደ ሰላሁዲን ዞረ። ሰላሁዲን ማልቀስ እንደሚገባው ያውቃል። ዕንባውን ጠበቀው፤ አልመጣም።

«መጥታ ነበር። እኔ ነኝ የመለስኳት» አለ።

«ለምን?»

«ለልጅቷ ብዬ።»

ብርሃነ ሀሊሜ ያቀፈቻትን ልጅ አየ። አልጮኸም፤ አልተሳደበም። እጁን ዘርግቶ «ሽጉጥህን» አለ።

ሰላሁዲን ፈትቶ ሰጠው። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው ሁለት እጆቹን አቀረበ፤ ካቴናው ግን አንድ ብቻ ነበር።