ሚዛን ያልደፋው ሩብል

ካፒቶሊና ዬጎሮቭና በፔርም ከተማ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ስትሠራ ኖራ ጡረታ ወጣች። ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ ቤት መዋል አንገሸገሻት። እሑድ እሑድ ካማ ወንዝ ዳር ያለውን የአሮጌ ዕቃ ገበያ ትዞር ጀመር። አንድ ቀን ከዛገ ቁልፍና ከተሰባበረ ሰዓት መካከል ትልቅ የመዳብ ሳንቲም አነሣች። የንግሥት የካተሪና ዘመን አምስት ኮፔክ ነበር። ክብደቱ መዳፏን ሞላው። መልሳ ማስቀመጥ አቃታትና ገዛችው።

ሻጩ ወደ ሳንቲም ሰብሳቢዎች ማኅበር ላካት። ማኅበሩ የሚሰበሰበው በሠራተኞች የባህል ቤት፣ እርጥበት እርጥበት በሚሸት ምድር ቤት ውስጥ ነው። ዐሥራ አምስት የሚሆኑ ሽማግሌዎች ሻይ እየጠጡ ሳንቲም ያገላብጣሉ። ከሁሉም በላይ የሚከበሩት ሳቬሊ ኢግናቲች ናቸው፤ የቀድሞ የጂኦግራፊ መምህር፣ የከተማው ግማሽ የሳቸው ተማሪ። በዚያ ክፍል «ሳቬሊ ኢግናቲች አይተውታል» ከተባለ ነገሩ አለቀ፤ ሌላ ምስክር አይጠራም።

«የመጣሽው ለመሰብሰብ ነው ለመነገድ?» አሏት።

«ገና አላወቅሁም።»

«ደግ። የሚያስቸግሩኝ አውቀናል የሚሉት ናቸው።» ሳንቲሙን ተቀበሏትና ጠርዙን በጥፍራቸው ዳሰሱ። «እውነተኛ ነው። አንቺስ ዕድለኛ ነሽ፤ የኔ የመጀመሪያዬ ፎርጅድ ነበር። በይ ስሚ። ከሳንቲም በፊት መጽሐፍ ግዢ፣ ከመጽሐፉ ቀጥሎ ሚዛን። አንድ ዘመን ምረጪና እዚያው ቆዪ፤ ሁሉን ልሰብስብ ያለ ሰው የሚሰበስበው ጥራጊ ነው። ፈግፍገሽ አታጽጂ፤ ዝገቱም ዕድሜው ነው። ደግሞ ሻጩ ሲቸኩል አንቺ ተረጋጊ።»

«ይኸው ማስተማር ጀመሩ!» አለ ፎማ፣ ጡረተኛው የአውቶቡስ ሾፌር፣ ስሟን ከወዲሁ አሳጥሮ። «ካፓ፣ ደብተር ያዢ፤ ኋላ ፈተና አለ።»

እንዲህ ተጀመረ። በሁለት ዓመት ውስጥ ዐሥራ አንድ ሳንቲም አጠራቀመች፤ ዐሥራ አንዱም እሳቸው ያዩዋቸው ነበሩ።

ሳቬሊ ኢግናቲች ዕድሜ ልካቸውን የተመኙት አንድ ነገር ነበር፤ የንግሥት ኤልሳቤጥ የብር ሩብል። በመጨረሻ ከአንድ አላፊ ነጋዴ ገዙት። ለሰው ሁሉ በመስታወት ውስጥ እንዳለ ሲያሳዩ ከረሙና በኅዳር፣ ጭቃና በረዶ በተቀላቀለበት አንድ እሑድ፣ አውጥተው በካፒቶሊና መዳፍ ላይ አስቀመጡት።

«ያዢው እስቲ። ለማንም አላስነካሁም።»

ያዘችው፤ ወዲያው ወደ መብራቱ አዞረችው። የቀለጠ ብረት ቅርጽ ውስጥ ሲፈስ አየሩን በደንብ ካላስወጡለት፣ ሲቀዘቅዝ የመርፌ ጫፍ የምታህል ጉድጓድ ይተዋል። ይህን ለሠላሳ አራት ዓመት በሰው ሠራሽ ጥርስ ላይ አይታዋለች። ሳንቲም ግን በማተሚያ ይመታል እንጂ ቀልጦ አይፈስም። በንግሥቲቱ አንገት ሥር፣ በፊደሎቹ መካከል፣ ያቺ ጉድጓድ አንድም ሁለትም ሳትሆን ብዙ ናት። ጠርዙም ላይ ሁለቱ የቅርጹ ግማሾች የተጋጠሙበት፣ በሞረድ የተፋቀ ስፌት አለ።

«አፍሽ ተዘጋ አይደል?» አሉ ሽማግሌው ደስ ብሏቸው።

«ተዘጋ» አለች።

ያን ቀን ሌላም ነገር አስተዋለች። ሻይ ሲቀዱ ጣታቸውን ብርጭቆው ውስጥ ነክረው ይለካሉ። ሳንቲም ሲሰጧቸው ወደ ዓይናቸው ከማስጠጋታቸው በፊት በጣታቸው ይዳስሳሉ፤ ዓይናቸው ኋላ የሚመጣው ለይስሙላ ነው።

ሁለት ቀን እንቅልፍ አጥታ ማክሰኞ ቤታቸው ሄደች። በጨው የተዘፈዘፈ እንጉዳይና ዳቦ አቀረቡላት። አልቀመሰችም።

«ሳቬሊ ኢግናቲች፣ ያ ሩብል ቀልጦ የተሠራ ነው።»

«ምን አልሽ?»

«ፎርጅድ ነው። እኔ ብረት አፍስሼ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አውቀዋለሁ።»

ፊታቸው ቀላ። «አንቺ ያፈሰስሽው የጥርስ ብረት ነው! ሁለት ዓመት ፊደል ባስቆጠርኩሽ እኔኑ ልታስተምሪኝ መጣሽ? መዝኜዋለሁ። ሃያ አምስት ነጥብ ስምንት ግራም፣ ልክ መጽሐፉ እንደሚለው!»

«ዓይንዎ…»

«ዓይኔን ተዪው!» ተነሥተው በሩን ከፈቱላት።

እዚያው ላይ ቢቀር ኖሮ ምናልባት ማንም አያውቅም ነበር። ሽማግሌው ግን እልኸኛ ናቸው። እሑድ መጡና በባትሪ የሚሠራውን ባለ ቁጥር ሚዛናቸውን ጠረጴዛው መካከል አኖሩ።

«ካፒቶሊና ዬጎሮቭና ሩብሌን ፎርጅድ ናት ብላለች። ሁላችሁም ባላችሁበት ይመዘን።» ሩብሉን ጫኑ፤ አፍንጫቸው ሚዛኑን እስኪነካ ጎነበሱ። «ይኸው! ሃያ አምስት ነጥብ ስምንት።»

ከጎናቸው የነበረው ፎማ አየ። ሊቀልድ የከፈተው አፍ እንደተከፈተ ቀረ።

«ሳቬሊ ኢግናቲች… ሃያ ሦስት ነው የሚለው።»

«አምስት ነው።»

«ሦስት ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሦስት ነው።»

ሽማግሌው እንደገና ጎነበሱ። ቀና ሲሉ ወደ ማንም አልተመለከቱም።

«አራት ዓመት ይሆነዋል» አሉ በቀስታ። «የዓይን ግፊት ነርቩን በልቶታል፤ ሐኪሙ አይመለስም ብሎኛል። እኔ ደግሞ… ጣቴ ይበቃኛል ብዬ ነበር።»

ቁጣ ቢነሣ ይሻል ነበር። ሰዎቹ ግን አንድ በአንድ ከየቦርሳቸው ሳንቲማቸውን እያወጡ በተራ ይመዝኑ ጀመር። ፎማ በሳቸው ቃል ከገዛቸው አራት ሳንቲሞች እውነተኛ ሆኖ የተገኘው አንዱ ብቻ ነው። ያ ቀልደኛ ሰውዬ ሦስቱን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ኮፍያውን እንኳ ሳያነሣ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ሳቬሊ ኢግናቲች አልመጡም። ገና ካለፈ በኋላ ሌሎቹም ተመናመኑ፤ የማን ዓይን ታምኖ ይገዛል? ፎማ ካፒቶሊናን ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ አገኛት።

«ዝም ብትዪ ምን ይጎድልሽ ነበር፣ ካፓ?»

«አንተም ያንኑ ፎርጅድ ስትገዛ ትኖር ነበር።»

«እኖራ! ደስ ብሎኝ እኖር ነበር» አለና ፊቱን አዞረባት።

ሦስት ጊዜ የሽማግሌውን የበር ደወል ደወለች፤ ሦስቱንም ጊዜ ከበሩ ኋላ እርምጃ ሰምታ፣ ሳይከፈትላት ተመለሰች። በመጋቢት ራሳቸው ስልክ ደወሉ።

«ልጄ እሷ ወደምትኖርበት ከተማ ወደ ቲዩሜን ልትወስደኝ ነው። መሰርሰሪያ አለሽ?»

«የጥርሱ አለ።»

«ይዘሽው ነይ።»

ዕቃው ሁሉ በካርቶን ታሽጓል። መስኮቱ ሥር አስቀመጧትና የሳንቲም ሣጥናቸውን ጭኗ ላይ አኖሩ። «አንድ በአንድ ንገሪኝ። አትዘኚልኝ።»

ነገረቻቸው። ወጣት ሳሉ የሰበሰቡት ሁሉ ደህና ነበር። ካለፈው አራት ዓመት ግዢ ግን ከአርባ አንድ ሳንቲሞች ሠላሳ ሦስቱ ፎርጅድ ሆነው ተገኙ። እያንዳንዱን ስትጠራ «እሺ» ይላሉ፤ «እሺ» ብቻ።

«ሠላሳ ሦስቱን ብሺያቸው። ከኔ በኋላ የሌላ ሰው ቤት እንዳይገቡ።»

መሰርሰሪያው እንደ ጥርስ ሐኪም ቤት ይጮኻል። ሽማግሌው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ያዳምጣሉ። ሩብሉ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«ምን ሆንሽ?»

«ይሄኛው ይቅር እንዴ? ለማስታወሻ…»

«ካፒቶሊና ዬጎሮቭና፣ ብሺው አልኩሽ።»

በሳችው። ብር መሳዩ ብናኝ ቀሚሷ ላይ ረገፈ። ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ሩብሉን ፈለጉ፣ ቀዳዳውን በትንሿ ጣታቸው ዳሰሱ፣ ከዚያ ከሌሎቹ ጋር ከረጢቱ ውስጥ ጣሉት።

«አንቺ ልክ ነበርሽ» አሉ። «ይህን ለማለት አራት ወር ፈጀብኝ። ልክ መሆንሽን ግን ዛሬም አልወደድኩትም። ሂጂ አሁን፤ ልጄ ስትመጣ ሰው እንድታገኝ አልፈልግም።»

መሰርሰሪያዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ደረጃውን ወረደች።

ወደ ቲዩሜን ሁለት ደብዳቤ ጻፈች። ለሁለተኛው ልጃቸው መለሰችላት፤ አባቷ ደህና መሆናቸውን፣ ሬዲዮ እንደሚሰሙ፣ ስለ ሳንቲም ግን በቤት ውስጥ እንዲነሣ እንደማይፈልጉ ጻፈች። በግንቦት የባህል ቤቱ ምድር ቤቱን ለዳንስ ትምህርት ሰጠ። ካፒቶሊና እሳቸው ያዩላትን ዐሥራ አንድ ሳንቲሞች አንድ ቀን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ሚዛኗን አወጣች፤ ባትሪው አልቆ ነበር። ሌላ አልገዛችለትም።