ከዶክተር ሃልቮርሰን ፊት ለፊት

ደብዳቤው በደረሳት ቀን ቬልዳ ስትራንድ ሁለት የሐሞት ከረጢትና አንድ ትርፍ አንጀት ሲወጣ ስታግዝ ነው የዋለችው። ጓንቷን አውልቃ ቁጭ ሳትል አነበበችው። ከመጪው ዓመት ጀምሮ፣ ይላል፣ የምስክር ወረቀት የሌላት ነርስ የቀዶ ሐኪም ዋና ረዳት ሆና አትቆምም። ኮርሱን መውሰድ፣ መቶ ሃያ ሰዓት በሐኪም ክትትል ሠርቶ ማስፈረም፣ ከዚያ ለፈተና መቀመጥ ግድ ነው።

«ሃያ ስድስት ዓመት የሠራሁትን ልማር?» አለቻት አዲሷን ቀዶ ሐኪም። «መቀስ በየት በኩል እንደሚያዝ ሊያሳዩኝ ነው?»

ዶክተር ፕሩዊት በዕድሜ የቬልዳን ልጅ ታክላለች። «ደንቡን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። ያላንቺ መሥራት ግን አልፈልግም፤ ሰዓቱን እኔ እፈርምልሻለሁ።»

ቬልዳ ደብዳቤውን አጥፋ ኪሷ ከትታ ወጣች። እሑድ የፖም ኬክ ጋግራ ጡረታ የወጡት የቀድሞው ቀዶ ሐኪም ዶክተር ሃልቮርሰን ወዳሉበት የአረጋውያን ቤት ነዳች። «በቂ ናት» ብለው አንድ ወረቀት ቢጽፉላት ማን ይከራከራል? በሞንታና ግዛት ምሥራቃዊ ክፍል ስማቸውን የማያውቅ የለም።

መንገዱን ሙሉ ያን የበረዶ ቀን ስታስብ ነበር። አንዲት የገበሬ ሚስት ከፈረስ ወድቃ ጣፊያዋ ፈንድቶ መጣች። ሁለተኛው ሐኪም በረዶ መንገድ ዘግቶበት ቀረ። ያኔ ቬልዳ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ መሣሪያ አቀባይ ነበረች። ሃልቮርሰን ቀና ሳይሉ፣ «ዙሪና እዚህ ፊቴ ቁሚ» አሏት። እጇን ይዘው ደሙ የሚፈስበት ላይ አስቀመጡት። ሴትዮዋ ዳነች። ከዚያ ወዲህ ቦታዋ እዚያው ሆነ፤ ቋጠሮውን በአንድ እጅ መቋጠር ያስተማሯት በምሳ ሰዓት፣ የወንበር ጀርባ ላይ ክር እያሰሩ ነው።

ሽማግሌው በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ታዲያ ምን ፈለግሽ?»

«ይጻፉልኝ፣ ዶክተር። ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ያን የበረዶ ቀን እንኳ አምነውኝ...»

«ማን አመነሽ?»

ቬልዳ ኬኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ያቆምኩሽ ሌላ ሰው ስላልነበረ ነው። ፈርቼ ነበር፤ ላቤ መነጽሬን ሲሸፍነው አላየሽም? ሴትዮዋ ብትሞት ኖሮ ሁለታችንም የምንለው አልነበረንም። ጎበዞች አልነበርንም፣ ቬልዳ፤ ዕድለኞች ነበርን።»

«ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን አልነገሩኝም።»

«ስትደሰቺ አይቼ ዝም አልኩ። ማመን የጀመርኩት በሦስተኛው ዓመት ነው።» ትንሽ አሰቡና፣ «በአራተኛው» አሉ። «አሁን ኬኩን ቁረጪ፤ ሂጂና ተማሪ። እኔ ሳስተምርሽ ስህተቴንም አብሬ ሰጥቼሻለሁ።»

ስትመለስ ከንፈሯን ነክሳ ነው የነዳችው። ያ ቀን እንዳማረበት ከእሷ ጋር ሃያ ስድስት ዓመት ኖሯል፤ አሁን ደግሞ ሌላ መልክ ያዘ። ሆኖም በማግሥቱ ተመዘገበች።

የበረዶውን ወራት ሙሉ ሁለት ሰዓት እየነዳች ወደ ቢሊንግስ ከተማ ሄዳ ከልጆቿ እኩዮች ጋር ተቀመጠች። እጇ የሚያውቀው ነገር ሁሉ ስም እንዳለው አገኘች። ሁለት ቦታ ላይ ግን ለዓመታት ተሳስታ ስትሠራ እንደኖረች ስታውቅ ያን ቀን ምሳ አልበላችም። ፕሩዊት ሰዓቱን እየቆጠረች ፈረመች፤ ማለፍ የሌለበትንም አላሳለፈችም። በግንቦት ቬልዳ ፈተናውን አለፈች።

ወረቀቱን ይዛ መጀመሪያ የሄደችው ወደ ሽማግሌው ነው። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት።

«በየአምስት ዓመቱ ይታደሳል ይላል።»

«አዎ፣ ዶክተር።»

«እኔን ማንም አላደሰኝም» አሉ። አስተናጋጇ በር ከፍታ ምን ሆናችሁ እስክትላቸው ድረስ ሳቁ።

ሽማግሌው በመስከረም አረፉ። ቬልዳ ወረቀቱን አንድ ጊዜ አሳድሳ ጡረታ ወጣች። እስከዚያች ቀን ድረስ፣ ፕሩዊት ቆዳውን ስትከፍት፣ እሷ አንዳንዴ ለአፍታ ቀና ትል ነበር፤ ፊት ለፊቷ መነጽሩ በላብ የተሸፈነ ሰው የቆመ እየመሰላት።