ምልስ ስፌትን ያሻሻልኩ ጊዜ

ቢፒአር የሚሉት የአሠራር ለውጥ ፍኖተ ሰላም ሲገባ እኔ ከአጥኚዎቹ አንዱ ነበርኩ። ሥራችን አንድ ደብዳቤ በመሥሪያ ቤታችን ውስጥ ከበሩ ተነሥቶ እስከ ማኅተሙ ድረስ ስንት ጠረጴዛ ላይ እንደሚያርፍ ቆጥረን የማይረባውን ጠረጴዛ መሰረዝ ነው። አሥራ አራት ቆጠርን፤ ዘጠኙን ሰረዝን፤ አጨበጨብን። ምደባው ሲለጠፍ ከተሰረዙት ዘጠኝ ጠረጴዛዎች አንዱ የኔ ሆኖ ተገኘ። ምደባ ያላገኘን ሠራተኛ ያኔ «ተንሳፋፊ» ነበር የሚሉት። እናቴ የሰማችውን እንዳለ ይዛ «ልጄ ተንሳፈፈ» ብትል፣ ጎረቤታችን እትዬ ውዳሴ ጣና ውስጥ የቀረሁ መስሏቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እያለቀሱ መጡ። በሩን የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ እናቴ «እጅህ ሥራ ይልመድ» ብላ የኔታ ገብረሰንበት ዘንድ ወሰደችኝ። የኔታ የቅኔ መምህር ናቸው። ገበያው ዳር ባለች በረንዳ ላይ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና አላቸው፤ የካህናት ልብስና የታቦት ጃንጥላ ይሰፋሉ። እናቴ በሶሲዮሎጂ ዲግሪ እንዳለኝ ስትነግራቸው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

«ስምህ ማነው?»

«እንዳለው።»

«እዚህ ቤት እንዳልኩህ ነህ።»

የመጀመሪያው ትምህርት የኋሊት ስፌት ነበር፤ የኔታ «ምልስ» ይሉታል። መርፌዋ ከላይ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመልሳ ትገባለች፤ በሥር ሁለት እርምጃ ሄዳ ወደ ፊት ትወጣለች፤ እንደገና አንዱን ትመለሳለች። በመኪና ከሆነ ደግሞ ስፌቱ ሲጀመርና ሲያልቅ በጎን ያለችውን ማንሻ ገፋ አድርጎ ሦስት አራት ጊዜ የኋሊት ማስኬድ ነው፤ ክሩ እንዳይመዘዝ። እኔ ማንሻውን ገፋሁና ወደ ቦታው መመለሱን ረሳሁት። የአንድ ዲያቆን እጅጌ የኋሊት ተሰፍቶ ተሰፍቶ አፉ ድፍን አለ። ዲያቆኑ ሊለካው እጁን ቢሰድ መውጫ አጣ።

«ጓንት አዘህ ነበር?» አሉት የኔታ።

እኔም አፍሬ ዝም አላልኩም። «የኔታ፣ መርፌዋ የሄደችበትን መመለሷ ምን ይጠቅማል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«መመለሷ አይደል እንዴ የሚጠቅመው!» ብለው ሳቁ። የሳቁት በቃሉ ነው፤ መጥቀም መርባትም ነው፣ ጨርቅን በመርፌ ማያያዝም። ቅኔው የገባኝ በሦስተኛው ቀን ነው። ምክሩ ግን ከዚያም ቆየ።

ጥር እንደገባ ወይዘሮ ሀብትነሽ ከማንኩሳ መጡ። ልጃቸው ያምሮት ሁለት ዓመት ሙሉ አልጋ ላይ ውላ ነበር። «ልጄን ካነሣህልኝ ቀይ ከፋይ ጃንጥላ፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ ያለው፣ በንግሥህ ዕለት አስገባለሁ» ብለው ለቂርቆስ ተስለዋል። ልጅቷም ተነሣች። ባለፈው ዓመት ግን ባላቸው ታመውባቸው ስለቱ ሳይገባ ቀረ፤ በወሩ ያምሮትን መልሶ ትኩሳት ያዛት። ትኩሳቱ ቢለቃትም የእናትየው ፍርሃት አልለቀቀም።

«የኔታ፣ ዘንድሮ ጥር ዐሥራ አምስት ካልገባልኝ ልጄን መልሶ ይወስድብኛል» አሉ። ዘርፉን ራሳቸው ከቡሬ አስመጥተው በነጠላ ጠቅልለው ይዘዋል።

«ይገባል ሀብትነሽ» አሉ የኔታ።

ከፋዩን የኔታ ራሳቸው በመኪና ገጣጠሙት፤ በየጫፉ ማንሻዋን እየገፉ፣ እየመለሱ። ዘርፉ ግን በእጅ የሚሰፋ ነው። እሳቸው ለአንድ ወዳጃቸው ተዝካር ግሽ ዓባይ መሄድ ነበረባቸውና ዘርፉን ለኔ ሰጡኝ። «ሃያ ሁለት ስንዝር ነው። ሁሉንም በምልስ፤ ሁለት ቀን ይፈጃል። አደራ፤ ከግሽ ዓባይ በቀጥታ ማንኩሳ ነው የምወርደው፤ አላየውም።»

አላየውም ያሉት ቃል ነው ያጠፋኝ። ብቻዬን ስቀር የአጥኚነቴ ነገር ተነሣብኝ። ወረቀት አውጥቼ የመርፌዋን ጉዞ በቀስት ሣልኩት። ሁለት ሂዳ አንድ ትመለሳለች፤ ስለዚህ ከምትሄደው ግማሹ መመለሻ ነው! በኮሚቴያችን ቋንቋ «እሴት የማይጨምር እንቅስቃሴ» ነው። አባቶቻችን ስንት መቶ ዓመት ሙሉ ይህን ብክነት ተሸክመው መኖራቸው አሳዘነኝ። መመለሱን ሰረዝኩት። መርፌዋ አንዴ ከላይ አንዴ ከታች፣ ዝም ብላ ወደ ፊት። የኔታ ሁለት ቀን ያሉትን በግማሽ ቀን ጨረስኩ። ጫፉ ላይ እንኳ አልቋጠርኩም፤ ቋጠሮ ያለፈበት አሠራር መሰለኝ። ጃንጥላውን አጥፌ በጨርቅ ጠቀለልኩና በበረንዳው ላይ ብቻዬን አጨበጨብኩ ማለት ይቻላል።

በንግሡ ዕለት ጃንጥላውን ታቅፌ በጠዋት ጋሪ ላይ ማንኩሳ ገባሁ። ወይዘሮ ሀብትነሽና ያምሮት ከቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። ጃንጥላውን የሚይዘው ዲያቆን ወንዳወቅ ጥቅሉን ፈትቶ ዘረጋው። ከፋዩ በፀሐይ ሲበራ ሴቶቹ እልል አሉ። እኔም አንገቴን ሰበር አድርጌ ምስጋናውን ተቀበልኩ።

«ይቺ ክር ምንድን ናት?» አለ ወንዳወቅ፤ ከጫፉ የተንጠለጠለችውን ይዞ ሳብ አደረጋት።

ክሩ መጣ። ጨመር አድርጎ ሳበው፤ ጨምሮ መጣ። ዘርፉ ከአንድ ወገን ጀምሮ ጠጠጠጠ እያለ ዙሪያውን ዞሮ፣ ሃያ ሁለቱም ስንዝር መሬት ላይ ዘፍ አለ። እልልታው በመሃል ተቆረጠ።

ወይዘሮ ሀብትነሽ አልጮኹም። ብቻ እጃቸውን ሰደው የልጃቸውን ክንድ ያዙ፤ ሰው ሊነጥቃቸው የመጣ ይመስል። ከቁጣ ሁሉ ያ ባሰብኝ።

የኔታ ማኅሌቱ አልቆ ሲወጡ ደረሱ። መሬት ላይ ያለውን ዘርፍ አነሡ፤ ቀዳዳዎቹን በጣታቸው ዳሰሱ።

«ይህ ስፌት ነው ሽለላ?» አሉ፤ ሽለላ ፉከራም ነው፣ ለጊዜው የሚያያዝ ልል ስፌትም።

«አሻሽዬው ነው የኔታ…»

«አሻሽለኸዋል። ሳይነኩት ይወልቃል።» ከጥምጥማቸው እጥፋት ውስጥ መርፌ መዘዙ፣ ከኪሳቸው ክርና መቀስ ጨመሩልኝ። «እኔ ቅዳሴ መግባቴ ነው። ታቦቱ ሳይነሣ የቻልከውን ያህል። በምልስ!»

ግቢው ውስጥ ካለው ዋርካ ሥር ተቀመጥኩ። ወይዘሮ ሀብትነሽ ዘርፉን ከከፋዩ ጋር ገጥመው ይይዙልኛል፤ ያምሮት ክር ትሰካልኛለች። አንድ ወደ ኋላ፣ ሁለት ወደ ፊት። ጣቴን ወጋሁት። አንድ ወደ ኋላ። እንደገና ወጋሁት።

«ዲግሪው ያለህ አንተ ነህ አሉ» አለች ያምሮት።

«እኔ ነኝ።»

«በምን?»

«በሶሲዮሎጂ።»

«እሱ ደግሞ ምን ይሰፋል?»

«ዝም በይ አንቺ፣ እጁን ታስቺዋለሽ!» አሉ እናትየው። ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ ይደርሳል?»

«ይደርሳል እትዬ» አልኩ። ውሸቴን ነው። ምልስ ለካ አይቸኮልበትም፤ ብትቸኩል ክሩ ይሸበሸባል፣ ዘርፉ ይጣመማል፣ ፈትተህ እንደገና ነው። ከቤተ መቅደሱ የሚሰማው ዜማ ባለቀ ቁጥር ላብ ይወርደኛል፤ ሌላው ሲጀመር እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ቅዳሴ እንዲረዝም የጸለይኩት በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው።

ከበሮው ሲመታ ስንዝሬን ዘርግቼ ለካሁ። ዘጠኝ። ዐሥራ ሦስት ይቀራል።

ወንዳወቅ እየሮጠ መጣ። «አባቶች ሊወጡ ነው፤ አምጡ!»

የመጨረሻውን ስፌት ሦስት ጊዜ መለስኩት፣ ቋጠርኩት፤ የቀረውን ዘርፍ በመቀስ ቆረጥኩ። ከዚያ ብልሃቴ መጣልኝ። «ዲያቆን፣ ዘርፍ ያለውን ወደ ሕዝቡ አድርገህ ያዘው፤ ባዶውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ። ማንም አያይም።»

ወይዘሮ ሀብትነሽ የጃንጥላውን ዘንግ ያዙት።

«ማንም ማለት?»

«ሕዝቡ እትዬ።»

«ስለቱን የሰጠሁት ለሕዝብ ነው እንዴ? ቤቱ ወዴት ነው?» በአገጫቸው ቤተ ክርስቲያኑን አሳዩ። «ዘርፉ ወደ እሱ። ባዶው ወደ ሰው።»

ጃንጥላው እንዲያ ሆኖ ወጣ። ታቦቱ ሦስት ጊዜ ሲዞር የማንኩሳ ሰው ሁሉ ባዶውን ወገን አየ። «ማነው የሰፋው?» የሚለው ሹክሹክታ በሴቶቹ በኩል ተነሣ፤ ያምሮትም ለጠየቀ ሁሉ፣ ላልጠየቀም ጭምር፣ በጣቷ እያመለከተች አሳየች። እትዬ ሀብትነሽ ግን ሰውን አላዩም። ዓይናቸው ዘጠኟን ስንዝር ዘርፍ ተከትሎ ሦስቱንም ዙር ዞረ።

ታቦቱ ገባ። የደብሩ አስተዳዳሪ አባ ዘሩ ጃንጥላውን ተቀብለው፣ የጎደለውን አይተው ትንሽ አሰቡ፤ «ተቀብሎሻል፤ ስለትሽ ገብቷል» ብለው ባረኳቸው። ሀብትነሽ መሬቱን ሳሙ፤ ተነሡ፤ አለቀሱ፤ ስለቱ አለቀላቸው መሰለኝ። እኔም ጸጸቴ መርፌ አስያዘኝና ወደ አባ ዘሩ ቀረብኩ። «አባቴ፣ ጃንጥላውን ዛሬ ይስጡኝ፤ የቀረውን አሁኑኑ ቁጭ ብዬ እጨርሰዋለሁ።»

«እንዳትነካው!» አሉ እትዬ ሀብትነሽ።

ሁላችንም ዞርን። የተቆረጠውን ዘርፍ ጠቅልለው በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይዘውታል።

«ሁሉን በአንድ ቀን ላግባና ከዚያስ? ስለቴን ጨርሼ ምን ይዤ እለምነዋለሁ? የቀረው የሚመጣው ዓመት ነው። በየዓመቱ ጥር ዐሥራ አምስት አንድ አንድ ስንዝር ትሰፋለህ። ዘርፉ ሞልቶ እስኪያይ ልጄን አይነካብኝም።»

አባ ዘሩ «ሀብትነሽ፣ ከቅዱስ ጋር እንዲህ ያለ ውል…» ብለው ጀመሩ። የኔታ ክንዳቸውን ነካ አደረጓቸው።

«በምልስ» አሉኝ እትዬ ሀብትነሽ። «ተቻኩለህ ሁለት ስንዝር ብትሰፋ ወዮልህ!»

«እሺ እትዬ። ዐሥራ ሦስት ስንዝር ነው፤ ዐሥራ ሦስት ዓመት።»

«በማን ስንዝር?»

«በኔ።»

የኔን እጅ አዩ፤ የልጃቸውን አዩ። ቋጠሮውን ፈትተው ዘርፉን ለያምሮት ሰጧት። ያምሮትም ተንበርክካ፣ ጣቶቿን ጠበብ አድርጋ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለካችው። ዐሥራ ዘጠኝ ሆነ።