እንቁላል የማይንከባለልበት አግዳሚ

አባቴን ሠፈሩ «ሚሊሜትር» ይለዋል። አናጢ ነው፤ ስሙን ያወጡለት በር ሲያሠሩ፣ ቁም ሣጥን ሲያሠሩ፣ ሲጠብቁም የሸበቱ ደንበኞቹ ናቸው። ሰው ቤት በሄድን ቁጥር እናቴ አጠገቡ ትቀመጥና ጭኑን ትቆነጥጠዋለች፤ ካልተቆነጠጠ የሰው ጠረጴዛ ይወላገድ እንደሆነ በእጁ መፈተሹ አይቀርም። አብዛኛውን ጊዜ ይወላገዳል።

በጓሯችን ያቆመው የእንጨት ዳስ ግን እንከን የለውም። አራት ምሰሶ፣ ከላይ በጣሪያ ፋንታ አንድ ጋት የሚሰፉ አራት አግዳሚዎች፣ ከሥር ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ ወንበር፤ ሁሉም ሦስት ሦስት ጊዜ ቫርኒሽ ጠጥቷል። ውሃ ልኩን የትም ቢያስቀምጡት አረፋዋ መሃል ላይ ቁጭ ትላለች።

ሰኞ ጠዋት የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ደወለች። ግቢዋ ውስጥ ለአንባቢዎች ስድስት ዳስ ልታሠራ ነው፤ ቅዳሜ መጥታ የአባቴን ታያለች።

«አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቀው» አለች። «አንባቢዎቼ ራስ ላይ ከወፍ ምንም እንዳይወርድ።»

አባቴ ስልኩን ዘግቶ በመስኮት ወደ ጓሮ ተመለከተ። ዳሱ ላይ አሥራ አንድ ርግቦች ተደርድረዋል። ከሥራቸው ያለው ወንበር ኖራ የተቀባ ይመስላል።

በሠላሳ ዓመት የእጅ ሥራው ስም አትርፏል። እንዲህ ያለ ሥራ ደግሞ ተመልሶ እንደማይመጣ ያውቃል፤ ዛሬ ሰው ሁሉ የሚያሠራው በብረት ነው። ይሄ በኩስ ምክንያት ካመለጠው «ሚሊሜትርን ርግብ አሸነፈው» ሊባል ነው።

መፋቂያውን አንሥቶ ደረቁን ኩስ ይፍቅ ጀመር። አቧራው ተነሣ፤ ከኩሱ ጋር ቫርኒሹም ተነሣ። እናቴ ከሥራ ስትገባ ያገኘችው እያስነጠሰ ነው። እሷ ሃያ ሁለት ዓመት ሆስፒታል ውስጥ ልብስ አጥባለች፤ የማያውቃት እድፍ የለም።

«አንተ ሰውዬ፣ ተው» አለችው። «እድፍ ይደበደባል እንዴ?»

«ታዲያ ልለምነው?»

«አዎ፣ ይለመናል።»

አፍና አፍንጫውን በጨርቅ አሰረችለት፤ ጓንት አስጠለቀችው። ለብ ያለ የሳሙና ውሃ ውስጥ አሮጌ ፎጣ ነክራ ኩሱ ላይ አነጠፈች። «በል ሩብ ሰዓት ቁጭ በል» አለችው። አባቴ ሩብ ሰዓት ሙሉ እጁን አጣጥፎ ሲቀመጥ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ፎጣው ሲነሣ ኩሱ ተልፈስፍሶ አብሮ መጣ። የተፋቀውን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ እንደገና ቀባው። ዳሱ አበራ።

ማክሰኞ ርግቦቹ ቤታቸው ተጸድቶ ስለጠበቃቸው ደስ ብሏቸው መጡ።

አባቴ ብልጭታቸው እንዲያባርራቸው አሮጌ ሲዲዎች በገመድ ሰቀለ። ግማሽ ቀን ፈሩ፤ ከሰዓት በኋላ ግን ሲዲው ፊት ተራ ይዘው ላባቸውን ያሳምሩ ጀመር። ረቡዕና ሐሙስ የሥራ ክፍሉን ዘግቶ ከእንጨት ጭልፊት ጠረበ። ዓርብ ጠዋት አውጥቶ ዳሱ ጫፍ ላይ አቆመው። ላባው አንድ በአንድ በመሮ የወጣ፣ ሲያዩት የሚያሳሳ ጭልፊት ነው።

«እንዴት ነው?» አላት እናቴን።

«ዓይኑ የአጎትህን ይመስላል።»

አጎቱ ዝንብ እንኳ ይቅርታ ጠይቆ የሚያባርር ሰው ነበር። ይህን ተባብለው ሳይጨርሱ አንዲት ርግብ መጥታ የጭልፊቱ አናት ላይ ተመቻችታ ተቀመጠች። ቀጥሎ የሆነውን ለጭልፊቱ ክብር ስል አልናገርም።

እናቴ ወጥ ቤት ገብታ እንቁላል ይዛ ወጣች። መሰላሉን ወጥታ እንቁላሉን አግዳሚው ላይ አጋድማ ለቀቀችው። ንቅንቅ አላለም።

የአባቴ ደረት ተነፋ። «ሥራ ማለት ይሄ ነው። እስቲ ሌላ አናጢ ይሞክራት።»

«እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ይባላል» አለች እናቴ ከመሰላሉ ላይ። «ያንተ አግዳሚ ላይ ግን የትም አልሄደም። ርግቧስ ለምን ትሄዳለች?»

አባቴ እንቁላሉን አየ፤ ርግቦቹን አየ።

«ምን አድርግ ነው የምትዪኝ?»

«አናቱን ዘመም አድርገው። እግራቸው የሚቆምበት ሜዳ እንዳያገኙ።»

«እኔ?» አለ። «ከዚህ እጅ ዘመም ያለ ነገር ወጥቶ አያውቅም።»

«አውቃለሁ። ኩስ ላይ የተቀመጥነውም ለዚሁ ነው።»

ምሳውን ሳይበላ ዳሱን ሲዞር ቆየ። ከዚያ «ካጋደልኩ አይቀር በልክ ላጋድል» ብሎ የሥራ ክፍሉ ገባ። ከካርቶን ልክ ቆርጦ፣ በልኩ አራት ረዣዥም እንጨቶች ሰነጠቀ፤ እንደ ጣሪያ ግራና ቀኝ ቁልቁል የሚወርዱ። በየአግዳሚው አናት ላይ በሚስማር መታቸው። ውሃ ልኩን ሲያስቀምጥበት አረፋዋ ወደ ጥግ ሸሸች። እሱም ፊቱን አዞረ። ጭልፊቱን አውርዶ ጓሮው ጥግ ባለ እንጨት ላይ ተከለው፤ እናቴም ፎጣዋን ለሁለተኛ ጊዜ ነከረች።

ቅዳሜ ኃላፊዋ መጣች። ወንበሩ ላይ ከመቀመጧ በፊት ወደ ላይ ቀና አለች። በዚያው ቅጽበት አንዲት ርግብ መጥታ አናቱ ላይ አረፈች፤ ተንሸራተተች፤ ክንፏን አራግባ ዳግም ሞከረች፤ ዳግም ተንሸራተተች። አባቴን በቅሬታ አይታ ወደ ጭልፊቱ አናት ሄደች።

ኃላፊዋ ሳቀች። «ይሄን ማን አሰበው?»

አባቴ ምሰሶውን በእጁ ዳሰሰ። የሠላሳ ዓመት ስሙ በአንድ መልስ ላይ ቆሟል። እናቴ ያልሰማች መስላ ፎጣ ትጨምቃለች፤ ፎጣው ግን ደረቅ ነበር።

«ባለቤቴ ናት» አለ ቀና ብሎ። «ሃያ ሁለት ዓመት ልብስ አጥባለች። እኔ ነገር እንዲቆም ነው የማውቀው፤ እሷ እንዲወርድ ታውቃለች።» ከዚያ ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ ለኃላፊዋ ሰጣት። «አዘማመሙ ግን የኔ ነው። አራቱም እኩል ናቸው፤ ይለኩት።»

ሁለቱን ለካች። ሦስተኛውን ሳትለካ ሜትሩን መለሰችለት።

«ስድስቱን መቼ ይጀምሩልኛል?»

ከዚያ ወዲህ እንግዳ በመጣ ቁጥር አባቴ ከወጥ ቤት እንቁላል ያወጣል። መሰላሉን ወጥቶ ዳሱ አናት ላይ ይለቀዋል፤ እንቁላሉ ይንከባለላል፤ እናቴ ከሥር በሽርጧ ትቀልበዋለች። «አያችሁ አይደል?» ይላል አባቴ፣ «ሰከንድ እንኳ አይቆምም።» እስካሁን የተሰበሩት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሁለቱንም «ዛሬ እኔ ልቅለበው» ብሎ ነው።