እሳቱ እስኪጸና

ወይዘሮ የሺዓለም የሰው ስለት ሲሰፉ ነው ያረጁት። ከጊዮርጊስ ዝቅ ብላ ባለችው አንድ ክፍል ቤታቸው ተቀምጠው ለቤተ ክርስቲያን የሚገባ ጃንጥላ ይጠልፋሉ። የታመመው ድኖ፣ የታሰረው ተፈትቶ፣ መካን የተባለችው ወልዳ፣ ሁሉም ደስታውን ይዞ እሳቸው ዘንድ ይመጣል። አሠርቶ ይሄዳል፤ ቁጭ ብሎ የሚያጫውታቸው ግን የለም። ከሁሉ ያማረው ጃንጥላ የራሳቸው ነው። እሱ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከአልጋቸው ራስጌ ከቆመ ስድስት ዓመቱ ነው።

ጃንጥላው የተሰፋው ለፍስሃ ነው። ታላቁ ልጃቸው አጥናፉ በቀይ ሽብር ጊዜ ከቤት እንደወጣ ቀረ፤ ሬሳውን እንኳ የሰጣቸው የለም። የቀራቸው ፍስሃ ነበር፤ እሱም ፊዚክስ ሊማር ሞስኮ ሄዶ እዚያው ሥራ ያዘ። በዓል በመጣ ቁጥር ማዶ ባለው በሸምሰዲን ሱቅ ስልክ ይደውላል። «መቼ ነው የምትመጣው?» ሲሉት መልሱ አንድ ነው፦ «እሳቱ ሲጸና፣ እማዬ።»

እሳት የሚለው የፀሐይን እሳት ነው። ውሃ ውስጥ ያለውን ሃይድሮጂን እጅግ አድርጎ አግሎ አንዱን ካንዱ ማዋሐድ፤ ፀሐይም የምትነደው እንዲያ ነው። ከተሳካ በአንድ እንስራ ውሃ ውስጥ ያለው ማገዶ ሰፈሩን ክረምቱን ሙሉ ያበራል፣ ጭስም የለውም ይል ነበር። ወይዘሮ የሺዓለም የገባቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሳቱ ከጸና ልጃቸው ይመጣል። ስለዚህ የተሳሉትም ለእሳቱ ነው። «ጊዮርጊስ፣ እሳቱን አጽናለት፣ ጃንጥላ አስገባለሁ» አሉ። ይሄ ሞኝነት ነው የሚል ካለ ልጅ ናፍቆት የማያውቅ ሰው ነው።

ሸምሰዲን ግን ያሾፍ ነበር። «እትዬ የሺዓለም፣ ይሄ የፍስሃ እሳት ላም አለኝ በሰማይ ሆነብኝ እኮ!»

«ዝም በል አንተ! መብራት ሲጠፋብህ ትናፍቀዋለህ።»

የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ካለፈ በኋላ፣ በሁዳዴ ጾም፣ ሰገነት የምትባል ልጅ በራቸውን አንኳኳች። ከፍስሃ ጋር አንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ ስትሠራ ቆይታ ተመልሳ አምስት ኪሎ ማስተማር ጀምራለች። ፍስሃ የላከውን ወርቃማ የሐር ክር ሰጠቻቸው። እሳቸውም ገና ሳትቀመጥ፣ «በይ ንገሪኝ፣ እሳቱ መቼ ነው የሚጸናው?» አሏት።

«እማማ፣ መንደዱንስ ይነዳል። ግን ዓይን ሳይጨፈን ይጠፋል። ሙቀቱን የሚችል ዕቃ የለም፤ ግድግዳ ከነካ ደግሞ ራሱ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ በማግኔት ጉልበት አየር ላይ አንጠልጥለን ልንይዘው እንታገላለን፤ እሱ ያመልጠናል። ለማንደድ የምናፈሰው ኃይልም እስካሁን ከሚሰጠን ይበልጣል።»

«ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ በይኛ!»

«ተስፋማ አለው። አስተማሪዎቻችን ሃያ ዓመት ይበቃዋል ይላሉ።» ሰገነት ፈገግ አለች። «የእነሱም አስተማሪዎች ሃያ ዓመት ይበቃዋል ይሉ ነበር አሉ።»

ወይዘሮ የሺዓለም ክሩን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። «ታዲያ አንቺ እንዴት መጣሽ? እሳቱ ሳይጸና?»

ልጅቱ ተነሥታ በሩን ዘጋች። ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ፍስሃ በተማሪዎች ስብሰባ ላይ ተነሥቶ የወንድሜ ሬሳ የት ነው ብሎ ጠየቀ። ከዚያ ወዲህ ስሙ ተይዟል። ይመለስ የሚል ትእዛዝ ከዚህ በመጣ ቁጥር አለቃው ሥራው አላለቀም፣ አልለቀውም ይላል። በስልክ ይሄን ሊነግርዎት አይችልም። ሥራው ያለቀ ቀን ግን፣ እማማ…» አልጨረሰችውም።

ሰገነት ከሄደች በኋላ ወይዘሮ የሺዓለም ከተቀመጡበት አልተነሡም። ፈርተው ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ በየማለዳው ጊዮርጊስ ደጅ ቆመው የለመኑት ይሄንን ነው? የቀረውን ልጃቸውን አምጥቶ አጥናፉን ለበሉት ሰዎች እንዲያስረክብ? እንዲህ ያለውን ነገር ለጎረቤት አይነግሩት፣ ለሸምሰዲን አያዋዩት። ብቻቸውን መሆኑን ለምደውት ነበር፤ ያን ቀን ግን ቤቱ ሰፋባቸው።

ፋሲካ ደረሰ። ሸምሰዲን ከማዶ ተጣራ፣ እሳቸውም ነጠላቸውን ሳያስተካክሉ ሮጡ።

«እማዬ፣ እንኳን አደረሰሽ! እሳቱ ገና ነው። ግን ዘንድሮ…»

«አትቸኩሉ» አሉት አቋርጠው። «ሰማኸኝ ልጄ? እሳት አይቸኮልበትም። ቀስ በሉ። እኔ ደህና ነኝ። ክሩም ደርሶኛል።»

«እሺ እማዬ» አለ፤ ድምፁ የልጅነቱ ጊዜ ድምፅ ሆነባቸው። ስልኩን ሲዘጉ ሸምሰዲን ፊታቸውን አየና እንደ ወትሮው ማሾፉን ትቶ ወንበር አቀረበላቸው።

በዚያው በሚያዝያ፣ የጊዮርጊስ ዓመታዊ በዓል ዋዜማ፣ ያን ወርቃማ ክር በጃንጥላው ዘርፍ ላይ ዙሪያውን ሰፉት። በማግስቱ ተሸክመውት ዐውደ ምሕረቱ ላይ ተሰለፉ። ስለት የሚያስነግሩት ቄስ ድምፅ ማጉያውን ከአፋቸው ዘወር አድርገው፣ «ስለትዎ ሰመረ፣ እናቴ?» አሏቸው።

«አልሰመረም አባቴ።»

«ታዲያ ያልሰመረ ስለት ይገባል እንዴ?»

«አንድ ነገር ለምኜው ነበር፤ አልሰማኝም። ስላልሰማኝ ነው የማስገባው።»

ቄሱ ግራ ገባቸው። ነገሩን እንዳይመረምሩ ከኋላ ሰልፉ ረጅም ነው። ጃንጥላውን ዘረጉት፣ ወርቁ ፀሐይ ላይ አበራ፤ «ስለታቸው ደርሶላቸው ጃንጥላ ያስገቡ እናት!» ብለው አሰሙ።

ሕዝቡ እልል አለ። ወይዘሮ የሺዓለምም እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይዘው፣ ልጃቸው እንዳይመጣ እልል አሉ።