ዘበኛው እራቱን እስኪጨርስ

ዑበይድ ስለ ፊልሙ የሰማው ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ውስጥ ሆኖ ነው። አዲስ የገባ ታራሚ አውርቶለት ኖሮ፣ ጓደኛው ወንድዬ እሑድ ስንቅ ይዞለት ሲመጣ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳያደርስ «ድመቱ ፊልም ሆኗል የሚሉት እውነት ነው?» ሲል ጠየቀው። ወንድዬ ወሬውን ከሰማ ሰንብቷል። እስከዚያ ቀን ትንፍሽ ያላለው፣ ሊያየው ለማይችል ሰው እያወሩ ማስጎምጀት ግፍ መስሎት ነው። አሁን ግን መደበቅ አልተቻለም። እውነት ነው አለው። ዑበይድም ከሽቦው ማዶ እንደ ልጅ ፈገግ አለና፣ ፊልሙን አይቶ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዲተርክለት ቃል አስገባው።

«በተለይ ሽማግሌውን» አለው ሊለያዩ ሲሉ። «ሽማግሌውን ምን እንደሚያደርገው ልብ ብለህ እይልኝ።»

ወንድዬ የትኛው ሽማግሌ ብሎ አልጠየቀም። ለምን እንደጠየቀውም ገብቶታል። ስለገባውም ነው እስከ ታክሲው ድረስ አንገቱን ደፍቶ የሄደው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድመቱ በልጅነታቸው ይጫወቱት የነበረ የቪዲዮ ጨዋታ ነው፤ እውነተኛ ስሙ ግን አይደለም። ፈረንጆቹ ያወጡለትን ስም ሀይረዲን ጌም ቤት ውስጥ ምላሱ ሳይተሳሰር የሚጠራ ሰው አልነበረም፤ ባለታሪኩ ሲሄድ ኮቴው ስለማይሰማ የሰፈሩ ልጆች ድመቱ አሉት፣ በዚያው ጸና። ሰውየው ሰላይ ነው። በዘበኛ የታጠረ ግቢ ይገባል፣ የተላከበትን ያገኛል፣ ሳይታይ ይወጣል። አምስት ክፍል ወጥቶለታል። በአምስቱም የፈለገ ሰው ዘበኞቹን እየገደለ ማለፍ ይችላል፤ ጨዋታው አይከለክልም። የቃሊቲ ሰፈር ልጅ ደግሞ አንዴ ከተፈቀደለት ምን ቸገረው፣ ያገኘውን ሁሉ እያነቀ ይዘልቃል። እምቢ ያለው ዑበይድ ብቻ ነበር። ማንንም ሳይነካ ካልጨረሰ እንደጨረሰ አይቆጥረውም። አንድ ዘበኛ ከነካ፣ መጨረሻው ደጃፍ ላይ ደርሶም ቢሆን፣ ይተወውና እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል። ተራ የሚጠብቁት ይሰድቡታል፣ ባለቤቱ ሀይረዲን ከነሶፋው አውጥቶ እንደሚወረውረው ይዝትበታል፣ እሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል።

ሽማግሌው ያለው ሁለተኛው ክፍል ላይ ነው። በር ጠባቂ ነው። ድመቱ በሩ ጋ ሲደርስ ከኪሱ ዳቦ አውጥቶ ድንጋይ ላይ ይቀመጥና እራቱን መብላት ይጀምራል። ጀርባውን ሰጥቶ ስለሚበላ፣ ከጨዋታው ሁሉ እሱን እንደ መግደል የቀለለ የለም። ያልገደለው ሰው ግን መጠበቅ አለበት። አበላሉ ጥርስ የሌለው ያስመስለዋል፣ ያላምጣል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ያላምጣል። ሲጨርስ ፍርፋሪውን ከጉልበቱ ላይ አራግፎ ይነሳና ግቢውን ሊዞር ይሄዳል፤ በሩ ያኔ ነው ነጻ የሚሆነው። ዑበይድ ሁልጊዜ ይጠብቀው ነበር። ቤቱን የሞላው ልጅ በለው እንጂ እያለ ሲጮህበት፣ ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ «ሰው እየበላ አይነካም» ይላል። ይህን ያስተማሩት እናቱ እትዬ ሞሚና ናቸው። ከወሎ ይዘውት የመጡት ይሁን የራሳቸው እንጃ፣ በእሳቸው ቤት መብላት የጀመረ ሰው አይጠራም፣ አይላክም፣ ክፉም ሆነ ደግ ነገር አይጠየቅም። በልቶ እስኪጨርስ ይጠበቃል።

ኋላ ሁሉም ወደ ኑሮው ሄደ። ወንድዬ ሳሪስ አቦ ገበያው አጠገብ ሞባይል ጥገና ገባ። ዑበይድ አይሱዙ ላይ ረዳት ሆነ፣ ቆይቶም መንጃ ፈቃድ አወጣና መሪውን ያዘ። አንድ ቀን ቃሊቲ መጋዘን ደጃፍ ሲሚንቶ ያስራግፋል። ባለ መኪናው ከጠዋት ጀምሮ በስልክ ሲጨቀጭቀው ነው የዋለው፤ ሌላ ጭነት እየጠበቀ ነው፣ ምን ይጎልትሃል ይለዋል። አውራጆቹ ግማሹን አውርደው ለምሳ አረፉ። የጭነቱ መከለያ ስፖንዳ ወርዶ ስለነበር፣ ከመካከላቸው ዱሬሳ የሚባለው የመኪናው ጠርዝ ላይ እግሩን አንጠልጥሎ ተቀምጧል፣ ከፌስታል እንጀራ ይበላል። ዑበይድ ተነስ አለው። ዱሬሳ የያዝኳትን ልጨርስ አለው። ስልኩ እንደገና ጮኸ። ዑበይድ መኪናው ላይ ወጥቶ ከኋላው ትከሻውን ገፋ አደረገው፤ እሱም መግፋት ከተባለ ነው፣ ሰው የተኛ ወንድሙን ሲቀሰቅስ ከሚያደርገው አይበልጥም። ዱሬሳ በጭንቅላቱ መሬት ላይ ወደቀና አልተነሳም። እንጀራው እጁ ላይ ነበር።

ፍርድ ቤቱ ሆን ብሎ እንዳላደረገው አምኗል፣ ቅጣቱም በዚያው ልክ ነው የተወሰነው። ራሱ ዑበይድ ግን አላመነም። መጀመሪያ ሰሞን ሌላ ወሬ አልነበረውም፤ እየበላ እኮ ነው ይላል፣ ልጨርስ ነው እኮ ያለኝ ይላል፣ ደግሞ እየበላ እኮ ነው ይላል። ከዚያ ጭራሽ ዝም አለ፣ ዝምታው ደግሞ ባሰ። እትዬ ሞሚና ጉልበታቸው አልታዘዝ ስላላቸው ስንቁን ሠርተው የሚሰጡት ለወንድዬ ነው። ሲመለስ በላ ወይ አይሉትም። «ዛሬስ ተናገረ?» ነው የሚሉት። ወንድዬም አልተናገረም ማለት እየከበደው ዛሬ ሰው በዝቶ ነበር፣ ዛሬ ጊዜው አጠረ እያለ ሲያመካኝላቸው ከርሟል። እንግዲህ ዑበይድ በስንት ጊዜው አንድ ነገር ያማረው ስለ ፊልሙ የጠየቀ ዕለት ነው። ወንድዬ ግን የነገሩ መጨረሻ እስኪታወቅ ለእሳቸው አልተነፈሰም።

ቅዳሜ ከሰዓት ሀይረዲን ጨዋታውን አቋርጦ ከቴሌግራም የወረደውን ፊልም በትልቁ ስክሪን ከፈተላቸው። የድሮዎቹ ተሰብስበዋል። የመጋዘን ሠራተኛ የሆነው ፈቀደ የሥራ ጋውኑን እንደለበሰ መጣ። ልዕልትም መጣች፤ እሷ በዚያ ቤት ታሪክ ከወንዶቹ እኩል ተራ ተጋፍታ የተጫወተች አንዲት ሴት ናት፣ ምላሷም እንደ አውራ ጣቷ ፈጣን ነው።

ፊልሙ ገና ከመጀመሩ ድመቱ በሩ ጋ ደረሰ። ሽማግሌው ድንጋዩ ላይ ተቀምጧል። ሠሪዎቹ ጨዋታውን ማወቃቸውን ሊያሳዩ ፈልገው ይሁን እንጃ፣ ዳቦውን እንኳ አልረሱም። ድመቱ ከኋላ መጣ፣ አገጩን ያዘና አንዴ ጠመዘዘው። ዳቦው ወደቀ። ድመቱ ረግጦት አለፈ። ከዚያ በኋላ ሰው እንደ ቅጠል ረገፈ። ወንድዬ ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ይሁን እንጂ ልቡ ከዚያ በር አላለፈም።

ፊልሙ ሲያልቅ ክርክሩ ጦፈ። ፈቀደ በጣም ወዶታል፤ ፊልም እኮ ነው፣ ሽማግሌ ዳቦ ሲያላምጥ ቁጭ ብሎ የሚያይ ማን አለ ብሎ ተከራከረ። ሀይረዲን ከጌም ተነስቶ የተሠራ ፊልም አንድም ቀን አምሮ አያውቅም፣ ስሙን ይወስዱና ነፍሱን እዚያው ይተዉታል አለ። ልዕልት ነገሩ የማማር ጉዳይ አይደለም ብላ ሁለቱንም አስቆመቻቸው። ጌሙ ላይ ሰውየው የሚኖረውም የሚሞተውም በአንተ እጅ ነው፣ ፊልሙ ላይ ግን ሌላ ሰው አስቀድሞ ወስኖልሃል፣ አንተ የምታደርገው ማየት ብቻ ነው አለች። ቀጥላም እኛ ያተረፍነውን ሰው ነው የገደሉት ብላ ተቆጣች። ፈቀደ አንቺ ደግሞ መቼ አተረፍሽው፣ ባገኘሽው ቁጥር ታንቂው አልነበር ሲላት ሁሉም ሳቁ፣ እሷም ሳቀች። ወዲያው ግን ሽማግሌውን ያተርፍ የነበረው ማን እንደሆነ ሁሉም ትዝ አላቸውና ሳቁ ጠፋ።

ልዕልት ወንድዬን እስከ መንገዱ ሸኘችው። ዑበይድን ምን ልትለው ነው ስትለው እንጃ አላት።

«እውነቱን ንገረው» አለችው። «እሱ ውሸት አይፈልግም።»

ወንድዬ እሺ ብሎ ታክሲ ውስጥ ገባ። በልቡ ግን ተናደደባት፤ እሷ እኮ ሽቦው ማዶ ያለውን ፊት አታየውም።

እሑድ ዑበይድ ጢሙን ተላጭቶ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ጠበቀው፤ የዒድ ቀን ይመስል ነበር። ግራና ቀኝ ጠያቂው ከየዘመዱ ጋር ይጯጯሃል። ወንድዬ ያን ፊት ሲያይ እውነቱን መናገር አቃተው። ዑበይድን ዋሽቶት የማያውቅ ሰው አፉ ተፈትቶ ይተርክ ጀመር። ድመቱ በሩ ጋ ደረሰ አለ፣ ሽማግሌው ዳቦውን አወጣ አለ።

«እና?» አለ ዑበይድ።

«ጠበቀው።»

«እስኪጨርስ?»

«እስኪጨርስ። ፍርፋሪውን ከጉልበቱ ላይ ሲያራግፍ ሁሉ ያሳያል። አራግፎ፣ ወገቡን ይዞ ተነስቶ፣ ሲሄድ ያሳያል። ሀይረዲን ሳይቀር አጨበጨበ።»

እስከ መጨረሻው አንድም ሰው ሳይነካ ወጣ ብሎ ታሪኩን ዘጋና የጓደኛውን ፈገግታ ጠበቀ። ፈገግታው አልመጣም። ዑበይድ ሽቦውን ያዘ።

«ጥሩ ነው» አለ። «እኔ እኮ ፊልም ሲሆን ይለውጡታል ሲሉኝ፣ ምናልባት ድመቱም አንድ ጊዜ ይሳሳት ይሆናል ብዬ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ በኋላ እንዴት አድርጎ እንደሚኖር ማወቅ ፈልጌ ነበር።»

ወንድዬ የሠራውን አሁን ተረዳ። ለማጽናናት ብሎ የሠራው ውሸት ዑበይድን ከነጥፋቱ ብቻውን አስቀርቶት አረፈ። አፉን ከፍቶ ስማኝ ሲል ሰዓት አልቋል ተባለ። ስሙን እየጠራ ጮኸ፤ የሁሉም ሰው ጩኸት አንድ ላይ ሆነና የማንም ድምፅ አልተሰማም።

ያን ሳምንት ሞባይል ሲፈታ ብሎን ይጠፋበታል፣ ደንበኛ ሲያናግረው አይሰማም። በተከታዩ እሑድ ከጠያቂው ሁሉ ቀድሞ ደረሰ። ዑበይድ ገና ብቅ ሲል ሰላምታውን ትቶ ዋሽቼሃለሁ አለው። ድመቱ ሽማግሌውን ገድሎታል፣ ዳቦውንም ረግጦት አልፏል፣ ከዚያም በኋላ የገደለው ተቆጥሮ አያልቅም አለው። ዑበይድ በትዕግሥት ሰማውና ሳቀ። ያ ሳቅ ከታሰረ ወዲህ የመጀመሪያው ነው።

«ባለፈው ፊቴን አይተህ ሆድህ ባባ፣ አይደል?» አለው። «እኔን ደስ ይበለው ብለህ ድመቱን ነፍሰ ገዳይ ልታደርግልኝ መጣህ።»

ወንድዬ ማርያምን ብሎ ማለ። በእናቱ ማለ። ሁለቱም አልይዝ ሲሉት ወላሂ አለ። ዑበይድ ያንተ ወላሂ አይቆጠርም ብሎ ደግሞ ሳቀበት። ከዚያ ፊቱ ረጋ አለ።

«ፍርፋሪውን አራግፎ፣ ወገቡን ይዞ ተነሳ አላልከኝም? ያላየ ሰው እንደዚያ አያወራም። አይተኸዋል።»

አይቶታል፤ ይሄ እውነት ነው። ያየው ግን ፊልሙ ላይ አይደለም። ሀይረዲን ጌም ቤት፣ ከዑበይድ ትከሻ ኋላ ቆሞ፣ በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል ነው ደጋግሞ ያየው።

«ያየሁት አንተን ነው» አለው ወንድዬ። «የጠበቀው አንተ ነህ፣ ዑበይድ።»

ዑበይድ እጁን ከሽቦው ላይ አወረደ።

«እኔ አልጠበቅኩም» አለ።

ሰዓቱ ሳያልቅ ዑበይድ ዞሮ ሄደ። ወንድዬ ባዶውን ምሳ ዕቃ ይዞ ወጣና፣ ከማረሚያ ቤቱ ፊት ለፊት በተደረደሩት ሱቆች መካከል በእግሩ እየተጎተተ እትዬ ሞሚና ቤት ደረሰ። እሳቸው ኮቴውን ሰምተው ምሳ አቅርበው ነበር። ገና ሳይቀመጥ «ዛሬስ ተናገረ?» አሉት።

«ተናገረ» አለ።

ፊታቸው በራ። ተመስገን አሉ፣ አንተንም ክፉ አይንካህ አሉ። «ምን አለህ ልጄ?»

ወንድዬ ቶሎ ብሎ ገበታው ፊት ተቀመጠና አንድ ጊዜ ጎረሰ። እትዬ ሞሚና የጀመሩትን ጥያቄ ዋጥ አደረጉት፤ እየበላ ያለ ሰው አይጠየቅም። ከፊቱ ተቀምጠው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ እስኪጨርስ ይጠብቁት ጀመር። ወንድዬም ምግቡ እንዳያልቅበት ቀስ ብሎ ያላምጣል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ያላምጣል።