በጓሮ የተገኘ እርሳስ

ልብስ ሰፊዋ ዓመቱን የምትቆጥረው በጓሮዋ ነበር። ጎመኑ ለመኸር በዓል ይደርሳል፣ ካሮቱ ለብርዱ በዓል፣ ሰላጣውና ሽንኩርቱ ለፀደይ፣ ድንቹ ለአዲስ ዓመት። ሰው ሁሉ በዓል ሲቃረብ ዘንቢሉን ይዞ ወደ ገበያ ሲራወጥ፣ እሷ መርፌዋን ደረቷ ላይ እንደሰካች በሯ ላይ ቆማ «ሂዱ እስቲ፣ የጠወለገ ጎመን በእሳት ዋጋ ግዙ» ትላለች። ጉረኛ ነበረች፤ ምን ይደበቃል። ግን ደግሞ እውነቷን ነው። ከግንቡ ሥር ያለው መደብ የሚያበቅለው ጎመን ቅጠሉ ትሪ ያክላል።

ያ መደብ ጥንት የባሏ ሥራ ቦታ ነበር። ባሏ ባትሪ ጠጋኝ ነበር፤ ሰፈሩ «አሲዱ» ይለው ነበር። አሮጌ የመኪና ባትሪ ይፈለፍላል፣ ውስጡ ያለውን ዝርግ ብረት በድስት ያቀልጣል፣ ዝቃጩንና አመዱን ከግንቡ ሥር ይደፋል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ይኸው ነው። መጨረሻ ላይ እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ሆዱን እየቆረጠው ተጣጥፎ ያድራል። ሐኪሙ «ጨጓራ ነው» አለ፣ በጨጓራ ሞተ ተባለ። ሰፊዋ አልቅሳ አልቅሳ ሲወጣላት፣ የባሏን ቦታ ባዶ ማየት አላስችል ቢላት ቆፈረችው፣ ፍግ አለበሰችው፣ ዘራችበት። እንግዲህ ኃጢአት ካላችሁት የመጀመሪያው ኃጢአቷ ይኸው ነው።

አንዲት ልጅ አለቻት፣ ፀጉር ሠሪ። ፀጉር ሠሪዋ የአውቶቡስ ሹፌር አግብታ ሴት ልጅ ወለደች። ሕፃኗ ገና በአራት ወሯ አንገቷን ቀጥ አድርጋ ሰውን ከላይ እስከ ታች ስትገመግም አያቷ «ይቺ ደግሞ ወይዘሪት ናት» አለች፤ ወይዘሪት ተባለች፣ በዚያው ቀረ። እናትና አባት ሥራ ስለሚውሉ ወይዘሪት እስከ ሦስት ዓመቷ ያደገችው እዚሁ አያቷ ቤት ነው። ጥርስ ሳታበቅል የግንቡ ሥር ካሮት ተቀቅሎ፣ ተፈጭቶ፣ በማንኪያ ገባላት። መዳህ ስትጀምር መደቡ ውስጥ ዘጭ ብላ አፈር በእፍኟ ትቅማለች። እናቷ ስትቆጣ ሰፊዋ «ተያት፣ አፈር ያልቀመሰ ልጅ አይጠነክርም» ትላለች። ከዚያም በኋላ ቤተሰቡ በየበዓሉ ይመጣል፣ ይበላል፣ እስከሚቀጥለው በዓል የሚያደርሰውን ጎመንና ካሮት በሁለት ጆንያ ይዞ ይሄዳል።

ገበታ ላይ ታዲያ ሰፊዋን ማን ይችላታል። «አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ፣ አፈር ስሆን» እያለች የወይዘሪትን ሳህን ትቆልለዋለች። ልጅቷ «ሆዴን አመመኝ» ስትል «ስላልበላሽ ነው» ትባላለች።

ወይዘሪት ሰባት ዓመት ሞላት፣ ፊደል ግን አልያዝ አላት። ዛሬ የለየችው ነገ ይጠፋባታል። እርሳሷ ከጣቷ ይወድቃል፣ ይጠፋል፣ ይገዛል፣ ደግሞ ይጠፋል። አስተማሪዋ «ትድገም» አለች። ፀጉር ሠሪዋ ግን ጥፋተኛውን ካወቀች ቆይታለች፤ ራሷ ናት። ልጅቷ በአምስት ወሯ አልጋ ላይ ሳለች ስልክ ጠራ፣ እናት ዞር አለች፣ ሕፃኗ ተንከባላ ወደቀች። ሐኪም አይቶ «ምንም አልሆነችም» ብሏታል፤ ማን ሰምቶት። በየበዓሉ ዕቃው ታጥቦ ሲያልቅ፣ ሹፌሩ ሶፋ ላይ ሲያንቀላፋ፣ ጭንቅላቷን እናቷ ጭን ላይ ትጥልና «እማዬ፣ እኔ ነኝ ያበላሸኋት፤ ለአንድ ስልክ ብዬ» እያለች ታለቅሳለች። ሰፊዋም ጀርባዋን መታ መታ እያደረገች «ልጅ ሳይወድቅ አያድግም» ትላታለች።

የመኸር በዓል ባለፈ በሳምንቱ ከከተማው ጤና ቢሮ አንዲት ወጣት መጣች። ቀደም ብላ መጥታ፣ ድሮ ባትሪ ይጠገንባቸው ከነበሩ ግቢዎች ሁሉ አፈር በላስቲክ ሰብስባ የሄደችው ናት። አሁን ወረቀት ይዛለች።

«እማማ፣ አፈርዎ ውስጥ እርሳስ ተገኝቷል።»

ሰፊዋ ሳቀች። «እሰይ! የልጅ ልጄ ናት የምትጥለው። ዘንድሮ ብቻ ስንቱን ገዛንላት። በይ አምጪው» ብላ እጇን ዘረጋች።

ወጣቷ አልሳቀችም። የሚጻፍበት እርሳስ እንዳልሆነ፣ ባትሪ ውስጥ ያለው ብረት ራሱ እርሳስ እንደሚባል ቀስ ብላ አስረዳቻት። አፈር ውስጥ እንደማይጠፋ፣ ጎመንና ካሮት በሥራቸው እንደሚስቡት፣ ከዚያ የበላተኛው ደም ውስጥ እንደሚገባ ነገረቻት። «ትልቅ ሰው ላይ ሆድ ይቆርጣል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል። ልጅ ላይ ግን ጭንቅላት ነው የሚይዘው፤ ትምህርት አይገባውም። ከዚህ ጓሮ የሚበላ ልጅ አለ እንዴ? ካለ ዛሬ ነገ ሳይባል ደሙ ይታይ። ቶሎ ከታወቀ ብዙ ማትረፍ ይቻላል።»

የሰፊዋ እጅ እንደተዘረጋ ቀረ።

«የለም» አለች። «ብቻዬን ነኝ።»

ለምን ዋሸች? ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች። ብትናገር ልጇ ነፃ ትወጣለች፤ ያ ስልክ፣ ያ አልጋ፣ ያ ሁሉ ለቅሶ ከላይዋ ይወርድላታል። ወይዘሪትም ሐኪም ታያለች። ይህን ሁሉ ታውቀዋለች፣ ሞኝ አይደለችም። ግን ብትናገር ደጃፏን ማን ተመልሶ ይረግጠዋል? በዓመት አራት ቀን ነው ቤቷ ሰው ሰው የሚሸተው፤ የቀረው ጊዜ የስፌት መኪናዋ ኮሽታ ብቻ ነው። ልጇ ዓይን ዓይኗን እያየች «አንቺ ነሽ?» ስትላት ይታያታል። ሆድ ይፍጀው አለችና ወረቀቱን የክር ሳጥኗ ውስጥ ከተተችው። ለብርዱ በዓል ሲመጡ እነግራታለሁ ብላ ለራሷ ማለች።

የብርዱ በዓል ደረሰ። ያቺ ጉረኛ ሴት ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ፣ የሚያውቃት ሰው እንዳያያት ሁለት ሰፈር አቋርጣ ገበያ ወረደች። የጓሮዋ እንዲመስል አፈሩ ያልታጠበ ካሮት መረጠች። ቤት ስትመለስ ጎመኑን በለመደችው በስፌት ክር ጥፍር አድርጋ አሰረችው። ሁለቱንም ጆንያ በገበያ ዕቃ ሞላች። ገበታ ላይ ቀርበው «አፈር» ብላ ጀመረችና አቋረጠች።

«ምነው እማዬ?» አለች ፀጉር ሠሪዋ።

«ትን ብሎኝ ነው።»

ማታ ዕቃው ታጠበ፣ ሹፌሩ አንቀላፋ፣ ፀጉር ሠሪዋ ጭንቅላቷን እናቷ ጭን ላይ ጣለች። «እኔ ነኝ እማዬ።» ሰፊዋ እንደ ወትሮው ጀርባዋን መታ መታ አደረገች። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የማንን ውሸት አይተው እንዳሉት እንጃ፣ የእሷስ እያደር ከበደ።

ለፀደይም እንዲሁ ሆነ። የግንቡ ሥር መደብ የሚነካው አጥቶ ጎመኑ ተመዞ አበባ አወጣ። ፀጉር ሠሪዋ በመስኮት አይታ «እንዴ፣ አትቆርጪውም? አረጀ እኮ» አለች። «ለዘር ነው» አለች ሰፊዋ። የዚያን ቀን ወይዘሪትን ለብቻዋ ጓዳ ወስዳ ፊደል አስጠራቻት። የገበያ ምግብ ከጀመረች ወራት አልፏታልና ምናልባት ተሽሏት ይሆናል ብላ ነው። ልጅቷ ሦስት ፊደል ጠርታ አራተኛው ላይ ቆመች፤ አያቷን ደስ ለማሰኘት ብላ ፈገግ አለች። ሰፊዋ ጓዳው ውስጥ ብቻዋን ቀርታ በመቀነቷ አፏን ይዛ አለቀሰች። ያኔም አልተናገረችም።

አዲስ ዓመት መጣ። እንግዶቹ እንኳን አደረሰሽ ብለው ገቡ፣ ሹፌሩ ለስላሳ ሊገዛ ወጣ፣ ወይዘሪት ወደ ጓሮ ሄደች። እናትና ልጅ ወጥ ቤት የገበያውን ድንች መላጥ ያዙ። ፀጉር ሠሪዋ በዚህ በዓል አላለቀሰችም፤ ይህ ነው ሰፊዋን ያስፈራት።

«ከትምህርት ቤት ደብዳቤ መጣ» አለች፣ ቢላዋውን ሳታቆም። «መደበኛ ክፍል አትችልም ብለዋል። ለየት ያለ ክፍል ያስገቧታል።»

«ይሁን፣ እዚያም መማር ነው።»

«ሁለተኛ አልወልድም እማዬ። ለባሌም ነግሬዋለሁ። ፊቱን አዙሮ አለቀሰ። ምን ላድርግ? እጄን አላምነውም። የሰው ፀጉር ስይዝ እንኳ አንዳንዴ እፈራለሁ።»

ሰፊዋ የያዘችውን ድንች አስቀመጠች። አሁን እነግራታለሁ አለች በሆዷ፤ አሁን፣ የያዘቻትን ድንች ልጣ ስትጨርስ። እንዲህ ስትል በሩ ተከፈተና ወይዘሪት ገባች። ቀሚሷ በውሃ ርሷል። በእጇ አንድ ያረጀ ወፍራም ካሮት ይዛለች።

«እኔ ራሴ ነቀልኩት» አለች። «ራሴ አጠብኩት።» ኩራቷ ልክ አልነበረውም፤ ማንም ሳያዛት አንድ ነገር ጀምራ ስትጨርስ የመጀመሪያዋ ነበር። ካሮቱን ገመጠችው።

ሰፊዋ ተወርውራ ካሮቱን ከእጇ መታ ጣለችው፤ ጣቷን ልጅቷ አፍ ውስጥ ከትታ የተገመጠውን አወጣች። ልጅቷ ጩኸቷን ለቀቀችው።

«ምን ነካሽ? ምን አድርጋ ነው?» ፀጉር ሠሪዋ ልጇን አቀፈች።

«መርዝ ነው» አለች ሰፊዋ። «አፈሩ መርዝ ነው። የአባትሽ ባትሪ ነው። አንቺ አይደለሽም ያበላሸሻት፣ ልጄ። መውደቋ አይደለም። እኔ ነኝ ያበላኋት።»

አንዴ ከጀመረች ወዲያ አላቋረጠችም፤ የጤና ቢሮዋን ወጣት፣ እርሳሱን፣ ደሙን፣ ጭንቅላቱን፣ ሁሉንም ዘረገፈችው። የክር ሳጥኗን ከፍታ ወረቀቱን ሰጠቻት። ፀጉር ሠሪዋ ቆማ አነበበች። ፊቷ ሲፈታ ታየ፤ ስንት ዓመት ተሸክማው የኖረችው ነገር ከትከሻዋ ሲወርድ ሰፊዋ በዓይኗ አየችው። ልጇ እንደ ልጅነቷ ሆና «አላወቅሽማ፤ ከየት ታውቂያለሽ» አለች፣ እጇንም ወደ እናቷ ዘረጋች። ወዲያው ግን እጇ መንገድ ላይ ቆመ።

«መቼ ነው ይህን ወረቀት የሰጡሽ?»

«ትናንት» ማለት ይቻል ነበር። ቃሉ ምላሷ ላይ ተቀምጦ ነበር። ቀኑ የተጻፈው በቁጥር፣ ያውም ከጥግ ላይ ነው፤ ፀጉር ሠሪዋ አላየችውም። ሰፊዋ ልጇን አየቻት፣ የምታለቅሰውን የልጅ ልጇን አየች።

«ከመኸር በዓል በኋላ» አለች።

ፀጉር ሠሪዋ በጣቷ ቆጠረች። ብርዱ፣ ፀደዩ፣ ዛሬ።

«ቶሎ ከታወቀ ይተርፋል ብለውሻል?»

«ብለውኛል።»

«እኔ ጭንሽ ላይ ሳለቅስም ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«አፈሩን አላወቅሽውም፣ እሺ» አለች ልጇ፤ ድምፅዋ ከፍ አላለም። «እኔን ግን ታውቂኝ ነበር።»

ሰፊዋ «ትቀሪብኛለሽ ብዬ ፈርቼ ነው» አለች። እውነት ነበር፤ ግን እውነቱ ሲነገር ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ራሷም ሰማችው። ልጇ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ የወይዘሪትን አፍ በውሃ ደጋግማ አጉመጠመጠች፣ ሹራቧን አለበሰቻት።

ሹፌሩ ለስላሳውን ታቅፎ እየሳቀ ገባ። ገበታው ተዘርግቷል፣ ዳቦው ገና አልተቆረሰም፣ ሚስቱ ለመውጣት ተዘጋጅታ ልጇን ይዛ ቆማለች።

«ምን ሆናችሁ? ሳንበላ ልንሄድ ነው?»

«በልተናል» አለችው ፀጉር ሠሪዋ። «ሰባት ዓመት በልተናል። ና፣ እንሂድ።»

ሹፌሩ ግራ ገብቶት አማቱን አየ። አማቱ ድንቹን አነሳችና መላጥ ቀጠለች።